«እርግጠኛ ነኝ» ያልኩበት ጉድጓድ

«እርግጥ» የሚለው ቃል «ረገጠ» ከሚለው እንደተወለደ ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም በአፋቸው ሳይሆን በእግራቸው። ቦታው ላፍቶ ነው፣ ወሩ ሰኔ። ያን ቀን ከዋሸሁ በኋላ ለመመለስ አሥራ አምስት እርምጃ ብቻ ነበር የቀረኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ፤ እንደዚያች አሥራ አምስት እርምጃ ያደከመኝ የለም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቢሆኑት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ማትሪክ አልመጣልኝም። መካኒሳ አቦ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ ግጥም እጽፍ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ ማንም እንደተሳሳትኩ አይነግረኝም። እንዲህ ያለ ሰው በሁሉም ነገር እርግጠኛ ነው። ስለ ፍቅር እርግጠኛ ነበርኩ፤ ስለ ፍትሕ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ማን በዳይ ማን ተበዳይ እንደሆነ ፊት አይቼ እናገር ነበር።

እንጀራዬ ሜትር መያዝ ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ንድፍ ሠሪ በየሰፈሩ ቦታ ይለካሉ፤ እኔ እከተላቸዋለሁ። ሜትር ያዥ ማለት የሜትሩን ዜሮ ይዞ ጭቃ ውስጥ የሚቆም ሰው ነው። ቁጥሩን የሚያነበው በሌላው ጫፍ ያለው ነው።

ላፍቶ ያኔ ገና እርሻ ነበር። ጤፍና ሽምብራ በሚዘራበት መሬት መካከል የጭቃ ቤቶች እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ታክሲው ግማሽ መንገድ አድርሶ ይመልሳል፤ ቀሪው በእግር ነው። ጎን ለጎን ያርሱ የነበሩ ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች በእጅ በተጻፈ ወረቀት መሬታቸውን ለሁለት ሰዎች ሸጠዋል። አንደኛው የገዛው የእትዬ ጽጌ ባል ነው፤ ቤቱን ሠርቶ ሳይጨርስ ሞተ። ሌላኛው የገዛው አቶ ገብሬ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ የራሴ የሚለው መሬት ያገኘ ሰው። ከወንድማማቾቹ አንዱ ሞቷል፤ ሌላኛው ሩቅ አገር ወዳለ ልጁ ሄዷል። በመካከላቸው የነበረው ወሰን በከብትና በሰው እግር ጠፍቷል።

ሁለቱም ወረቀቶች የሚሉት አንድ ነው፦ «ከወንዙ ድንጋይ እስከ ዋንዛው፣ ከዋንዛው እስከ ጥርጊያው መንገድ።» የወንዙ ድንጋይ አለ። ዋንዛው ግን ተቆርጧል፤ ጉቶውንም ከሰል አክሳዮች ነቅለው ወስደውታል። በቦታው ሁለት ጉድጓዶች ይታያሉ፣ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ተራርቀው፣ ሁለቱም ዝናብ የሞላቸው፣ ሁለቱም ሣር የበቀለባቸው። ዋንዛው የነበረው ከቀኙ ጉድጓድ ከሆነ ወሰኑ የእትዬ ጽጌን ቤት ነክቶ አያልፍም። ከግራው ከሆነ በቤቷ መካከል ይሄዳል።

ጋሽ ሙሉጌታ ቀኑን ሙሉ ለኩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወረቀቱ ከመሬቱ ይበልጣል» አሉ። «እኔ መሬት እንጂ ወረቀት አልለካም። ሽማግሌ ፈልጉ።»

ያን ቀን ሁለት ነገር ሆነ። የመጀመሪያው፣ ጫማዬን አውልቄ ከግራው ጉድጓድ ውስጥ ዜሮውን ይዤ ቆሜ ሳለ፣ ከጭቃው ሥር የእግሬን ጣት አንድ ነገር ያዘው። በእጄ ዳሰስኩት። ሥር ነበር፤ የክንድ ውፍረት ያለው፣ ጫፉ በመጥረቢያ የተቆረጠ። ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። ሁለተኛው፣ እትዬ ጽጌ እግሬን እንድታጠብ ውሃ ሰጠችኝ። በረንዳዋ ላይ ተቀምጬ ስታጠብ ግድግዳውን አየሁት፤ እስከ ወገብ ድረስ ባሏ የመረገው ነው፣ ከወገብ በላይ እሷ። የእጇ አሻራ ደርቆ ቀርቷል። ቤቴ ገብቼ ግጥም ጻፍኩላት። በግጥሙ ውስጥ ታሸንፋለች። ግጥሙ ከመሬቱ በፊት አለቀ ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ደበሌን በበቅሎ ይዘዋቸው መጡ። መሬት ለአራሹ በታወጀ ጊዜ ያንን እርሻ ለሁለቱ ወንድማማቾች በእግራቸው ረግጠው የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ዘመን በአካባቢው የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች «እሳቸው የረገጡት ይጽና» ብለው ተስማሙ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ወሰን የሚረግጠው ሰው ሣር የበቀለበት ጓል አፈር በራሱ ላይ ይሸከማል። በባዶ እግሩ ይሄዳል። ሌላው ሰው ወደ ሃያ እርምጃ ወደኋላ ርቆ ችካል እየተከለ ይከተለዋል፤ ጠጋ ብሎ «ወዲህ ነው ወዲያ ነው» የሚለው እንዳይኖር። ቢዋሽ የተሸከመው አፈር እሱንና ልጆቹን ይበላቸዋል።

«ዓይን ያለው መሪ ያስፈልጋቸዋል» አሉ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ በዳሳ። «ዘመድ ያልሆነ፣ ጎረቤት ያልሆነ።»

ሰዉ ሁሉ ተያየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሜትር ያዡ ይምራቸው» አለ አቶ ገብሬ ራሱ። «ዘመድም የለው፣ መሬትም የለው፣ ጫማም የለው።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የአባባ ደበሌን እጅ ያዝኩ። እንደ ደረቀ ቆዳ ነው፤ ቀላል፣ ሻካራ።

«ስምህ ማነው?» አሉኝ።

«ዳዊት።»

«ዳዊት፣ አትጎትተኝ። እንቅፋት ካለ ንገረኝ፤ ሌላውን ለእግሬ ተወው። ኮቱ፣ ና።»

ከወንዙ ድንጋይ ተነሣን። ጓሉን በራሳቸው ላይ ሲያስቀምጡላቸው እርጥቡ አፈር በጆሯቸው ላይ ወረደ። አልጠረጉትም። እንደ ልማዱ «ብዋሽ ምድር ትፍረድብኝ» አሉ። እየተንሸራተትን ዳገቱን ጀመርን። በየአሥር እርምጃው ይቆማሉ፤ ይተነፍሳሉ። እግራቸውን ሲያሳርፉ መጀመሪያ ተረከዛቸውን፣ ከዚያ ጎኑን፣ በመጨረሻ ጣቶቻቸውን ነው። ዱቄት እንደሚነፋ ሰው እግራቸው መሬቱን ይለያል። እኔ ግን ይህንን ያየሁት አሁን ሳስታውሰው ነው። ያኔ የማየው ፊት ለፊቴ ያለውን ቤት ነበር። እትዬ ጽጌ ነጠላዋን አጣፍታ ከበሩ ላይ ቆማ ትስላለች።

ከዳገቱ ጫፍ ደረስን። አባባ ደበሌ ቆሙ።

«ዋንዛው እዚህ አካባቢ ነው። ጥላው ያቀዘቅዘኝ ነበር፤ አሁን የለም። ጉድጓዱ ይታይሃል?»

ሁለቱም ይታዩኛል።

«ይታየኛል» አልኩ።

«አንድ ነው?»

«አንድ ነው።»

«ትናንት ስትለኩ አይተኸዋል? ሥር አለው?»

«አለው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ አባባ።»

እንዲህ ብዬ ወደ ቀኝ መራኋቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አንዳች ክብደት አልነበረውም። ሕይወቴን በሙሉ ስለው የኖርኩት ቃል ነው።

ቀኙ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ፤ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደረሰ። በግራ እግራቸው ወዲህ፣ በቀኝ እግራቸው ወዲያ አሹት። ጠርዙን በጣታቸው ዞሩበት። ከኋላችን ያሉት ሰዎች ችካሉን ይዘው ይጠብቃሉ። አቶ ገብሬ በሩቁ «ምነው ቆማችሁ?» ብሎ ጮኸ፤ ሽማግሌዎቹ ዝም አሰኙት።

አባባ ደበሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ» አሉኝ።

«አቤት።»

«ይሄ የምርጊት ጭቃ የተወሰደበት ነው። ጠርዙ በዶማ ተቆርጧል፣ መሬቱ ለስላሳ ነው። ዋንዛ እንዲህ አይለቅም። ዋንዛ ሲነቀል የመሬት ጥርስ ይወልቃል።»

ዓይኔ እትዬ ጽጌ ወደቆመችበት በር ሄደ።

«ማንን አየህ?»

«እሷን» አልኩ።

«እኔም አያታለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ስታስል እየሰማኋት ነው። ግድግዳዋን ስትመርግ ነው እንዲህ የሆነችው፤ ብርድ ገብቷታል።» ትንሽ ተነፈሱ። «ዳዊት፣ ይሄ አፈር የኔ ነው፤ በራሴ ላይ ነው። አንተ ምን ጨመርክበት?»

«ይቅርታ፣ አባባ። እንመለስ። ዝም ብለን ወደ ግራው እንሂድ፤ ማንም አያውቅም።»

«ያውቃሉ። እግሬ እዚህ ገብቶ ወጥቷል። ዝም ብዬ ከተመለስኩ ‘ሽማግሌው ጠፋባቸው’ ይላሉ። የጠፋበት ሰው የረገጠው አይጸናም። ነገ ገብሬ አጥሩን በጉልበት ያጥራል፣ እሷም ድንጋይ ትወረውራለች፣ ደም ይፈስሳል። እኔ አልጠፋብኝም። የጠፋው መሪዬ ነው። ያንን የሚናገር መሪው ነው።»

«ካልተናገርኩስ?»

«አፈሩን አውርጄ እቀመጣለሁ። ደክሞኛል» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ከወንዙ ጀምሮ የተሸከሙት አፈር እየሟሸሸ በአንገታቸው ወደ ጀርባቸው ይፈስሳል።

እንግዲህ አስቡት። ከፊቴ ሴትየዋ አለች። ከኋላዬ አርባ የሚሆን ሰው አለ። ዝም ብል ቤቷ ለጊዜው ይተርፋል፤ ነገሩ ግን እንደተንጠለጠለ ይቀራል፣ የሽማግሌው ስም ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። ብናገር ቤቷ በእኔ አፍ ይፈርሳል። ድካም ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ድካም መቆም አለመቻል አይደለም፤ የምትቆምበትን እያወቅህ ከሌላ ቦታ መቆም ነው።

ዞርኩ።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። «እሳቸው አልተሳሳቱም። ዋንዛው እዚህ አልነበረም። እያወቅሁ ነው ያመጣኋቸው። ሥሩ ያለው ከግራው ጉድጓድ ነው፤ ትናንት በእግሬ ነክቼዋለሁ።»

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ አፉን ከፈተ።

«አንተ ሜትር ያዥ! የአክስትህ ልጅ ናት እንዴ?»

«ዜሮውን መያዝ ያቃተው ሰው ሽማግሌ ይመራል?»

አቶ ገብሬ ችካሉን ጥሎ ሁለት እርምጃ ወደ እኔ መጣ። «ምን በድዬሃለሁ? ንገረኝ እስቲ፣ ምን በድዬሃለሁ? ታውቀኛለህ?»

አላውቀውም ነበር። ፊቱን አይቼ የፈረድኩበት ሰው ነው። አሁን ሳየው ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር። አቶ በዳሳ ዱላቸውን አግድመው አስቆሙት።

«ቆይ። ሥርዓቱ አልተፈታም፤ አፈሩ ገና በራሳቸው ላይ ነው። መሪው ይለወጥ?» ብለው ጠየቁ።

አባባ ደበሌ ራሳቸውን ሳያንቀሳቅሱ «አይለወጥም» አሉ። «ከዚህ ልጅ ሌላ ዛሬ የማይዋሽ ሰው ከየት ታመጡልኛላችሁ?»

አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ወደ ሌሎቹ ተሻገረ፤ ቁጣውም ትንሽ ረገበ። እጃቸውን ሰጡኝ። አሥራ አምስት እርምጃ ወደ ግራ ተመለስን። ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፤ ጭቃውን አንድ ጊዜ ዳሰሱ፤ ጣታቸው ያገኘውን አገኘ።

«አለ» አሉ።

ከዚያ እጄን ለቀቁት። እጆቻቸውን ወደ ሁለቱም ጎን ዘርግተው ብቻቸውን ሄዱ፤ ሳይጠራጠሩ፣ ሳይቸኩሉ፣ በቀጥታ ወደ እትዬ ጽጌ ቤት። ከኋላቸው ችካል ይተከላል። ከግድግዳው ደረሱና መዳፋቸውን አሳረፉበት፤ የእሷ የእጅ አሻራ ካለበት ላይ።

«ቤት ነው?» አሉ።

እትዬ ጽጌ ሁሉንም ሰምታለች። ከበሩ ላይ አልተንቀሳቀሰችም። ልትሰድባቸው ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ልትጮህ፣ ልትወድቅ። እሷ ግን ወደ ውስጥ ገባች። የአልጋ እግር ወለሉን ሲፍቅ ተሰማ። ከዚያ የጓሮው በር ተከፈተና ብርሃን በቤቱ ውስጥ አለፈ።

«ይግቡ አባባ» አለች። «አልጋውን አንሥቼዋለሁ። ደፍ አለ፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉ።»

አፈር የተሸከሙት ሽማግሌ በቤቷ መካከል አለፉ። በአንዱ በር ገብተው በሌላው ወጡ። ከራሳቸው እየተፈረፈረ የሚወርደው አፈር ወለሏ ላይ መስመር ሠራ። አልጋዋ በአንድ ወገን ቀረ፣ ሳጥኗ በሌላው። ሰዉ በቤቱ ዙሪያ እንጂ በውስጡ አልተከተላቸውም፤ ችካልም ማንም በወለሏ ላይ አልተከለም።

ከጥርጊያው መንገድ ሲደርሱ ቆሙና «ከእግሬ ሥር ቆፍሩ» አሉ። ቆፈሩ። ዶማው ክንድ ያህል ሳይገባ ድንጋይ ነካ፤ ጥቁር፣ በሰው እጅ የቆመ የወሰን ድንጋይ። ጓሉን ከላዩ አወረዱት። ከዚያ ጭቃው ላይ ተቀመጡ፤ ልጅ እንደሚቀመጥ እግራቸውን ዘርግተው።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን አቶ በዳሳና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ወደ አቶ ገብሬ ሄደው ጋቢያቸውን መሬት ላይ አነጠፉ።

«ገብሬ፣ መሬቱ ያንተ ነው» አሉ አቶ በዳሳ።

«እርግጥ ነው?»

«እርግጥ ነው። ተረግጧል። ከዛሬ ወዲያ ማንም አይከራከርህም። እስከ አሁን ልንለምንህ አንችልም ነበር፤ ያንተ መሆኑ ሳይታወቅ ምን ብለን እንለምንሃለን? አሁን ግን ያንተ ነው። እንለምንሃለን።»

አቶ ገብሬ ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ አየው። ደስ ያለው አይመስልም፤ ከባድ ጭነት አድርሶ ሞተር እንዳጠፋ ሹፌር ነበር የሚመስለው።

«መስቀል ይለፍ» አለ። «በክረምት ሰው ከቤቱ አላስወጣም። እንጨቱም ቆርቆሮውም የሷ ነው። መሬቱን ግን አልሰጥም። እኔም ሌላ የለኝም።»

ሽማግሌዎቹ ከዚያ በላይ አልለመኑትም። መረቁትና ተነሡ።

ጋሽ ሙሉጌታ ከዚያ ቀን በኋላ ሜትር አላስያዙኝም። «ክፉ ሰው አይደለህም» አሉኝ፤ «ግን ዜሮውን ያንቀሳቀሰ ሰው ነህ።» እውነታቸውን ነው። ሥራ ፍለጋ በእግሬ ስዞር ከረምኩ። ግጥሙንም ደጋግሜ አነበብኩት፤ ቤት የሚመታ፣ የሚያምር፣ አንድም ቦታ ያልተረገጠ ግጥም ነው።

በዚያው ክረምት የአቦ ሰፈሩን መሪጌታ ጎረቤቴን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ስለ ቃሉ ጠየቅኋቸው። እርግጥ ከመርገጥ ነው የሚለውን ሐሳቤን ነገርኳቸው።

«ይሆናል፤ እግር የቆመበት የጸና ነው» አሉ። «በግዕዝ ግን የተረጋገጠውን ነገር ጥዩቅ እንለዋለን። ጠየቀ ከሚለው ነው። መርምሮ፣ ጠይቆ የደረሰበት ማለት ነው።»

ሁለቱን ቃላት ይዤ ብዙ ቆየሁ። አንዱ «ጠይቅ» ይላል፤ ሌላው «ሄደህ ርገጥ» ይላል። «እመን» የሚል ወይም «ይሰማህ» የሚል ግን በሁለቱም ውስጥ አላገኘሁም። እኔ እርግጠኝነት የምለው የነበረው የልቤን ሙቀት ነበር። ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ አልፈርድባችሁም፤ ግን ዛሬ ስለ አንድ ሰው «እርግጠኛ ነኝ» ካላችሁ እግራችሁን እስቲ እዩት፤ ጭቃ አለበት? ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ቶሎ አልጽፍም፣ ቶሎ አልፈርድም። መጀመሪያ እሄዳለሁ። ኑሮው በጣም ያደክማል። ለሁሉም ነገር መሄድ አይቻልም፤ ስለዚህ ስለ ብዙ ነገር «አላውቅም» እላለሁ፣ ሰዎችም ፈዛዛ ይሉኛል።

መስቀል አለፈ። የቀራት መሬት ለቤት አይበቃም ነበርና እትዬ ጽጌ በጀሞ በኩል ወንድሟ ከሰጣት ቁራሽ መሬት ላይ ልትሠራ ቤቷን አፈረሰች። ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። እንዳየችኝ የተነቀለውን በር አሳየችኝ። በሩን በራሴ ላይ ተሸክሜ እየተከተልኳት በእርሻው መካከል ሄድን። ምድሩ ደርቋል፤ አደይ አበባ በየዳሩ ቢጫ ሆኗል። ብዙ ከተጓዝን በኋላ ሳትዞር ተናገረች።

«ሰው ይጠይቀኛል። ‘ልጁ ዋሽቶ ነው ተሳስቶ?’ ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

«ዋሽቶ ነው በያቸው።»

«ለኔ ብሎ ነው እላቸዋለሁ።»

በሩ አንገቴን እየተጫነው ነበር። ግጥሙን አስታወስኩ፤ ስጽፈው ሰው ሲያጨበጭብልኝ በሐሳቤ ያየሁበትን ሌሊት አስታወስኩ።

«እሱን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም፣ እትዬ ጽጌ።»

ቆመች። ዞራ ከበሩ ሥር ያለውን ፊቴን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት፤ አሁንም ሳቀች።

«በል አውርደው» አለች። «ጥቂት እንረፍ።»